ከጊታሩ በፊት፦ መሸንቲ ያደርንበት ሌሊት

የልጅ ልጄ ባለፈው ጥር ለዕረፍት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሲመጣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ጊታርና ትንሽ ቴሌቪዥን የሚያህል የድምፅ ማጉያ ይዞ ነው የመጣው። ዕድሜው 19 ነው። መብራት ሲኖር ይጫወታል፣ መብራት ሲጠፋ ያኮርፋል። በሦስተኛው ቀን ማታ መብራቱ ሄደና ቤቱ ጸጥ ሲል፣ «ለመሆኑ ሰሞኑን የምታስጮኸው ምን የሚሉት ዘፈን ነው?» አልሁት።

«ብሉዝ ነው፣ እማዬ። የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ በይው።»

እንጉርጉሮ የሚለውን ቃል ከእሱ አፍ መስማቴ ደስ አለኝ። «ታዲያ እንጉርጉሮ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል እንዴ?» አልሁት።

ለቀልድ ያልሁት ነገር እስከ እኩለ ሌሊት አስወራን። ልጁ ጊታሩን ከመውደዱ የተነሳ ታሪኩንም አጥንቷል፤ አንዴ ከጀመረ የሚያቆመው አልነበረም። በሻማ ብርሃን የነገረኝን እንደገባኝ ላካፍላችሁ፤ በኋላ መሸንቲ ለሄድንበት ነገር ያስፈልገናል።

ያ የኤሌክትሪክ ጊታር ለካ ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 አለን ሎማክስ የተባለ የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ሚሲሲፒ ውስጥ አንድ የጥጥ እርሻ ድረስ ሄዶ ማዲ ዋተርስ የተባለውን ሠራተኛ ሲቀዳው፣ ሰውየው የሚጫወተው በተራ የእንጨት ጊታር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቺካጎ ገባ። የከተማ መጠጥ ቤት ጫጫታ የእንጨት ጊታርን ድምፅ ስለሚውጠው ኤሌክትሪኩን ያዘ። ዛሬ ወጣቶቹ ብሉዝ ሲባል የሚያስቡት ይህን ነው።

ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊት የነበረው ብዙ ዓይነት ነው። በሸክላ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የብሉዝ ዘፋኞች ውስጥ ስማቸው የገነነው ሴቶች ናቸው፤ ማሚ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ቤሲ ስሚዝ በ1923። አብረዋቸው የሚሰሙት ፒያኖና የትንፋሽ መሣሪያ ናቸው። ብላይንድ ሌመን ጄፈርሰን የሚባል የቴክሳስ ዓይነ ስውር በ1926 ብቻውን ከጊታሩ ጋር ተቀዳ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ምቱንም እንደ ልቡ ያስረዝማል ያሳጥራል። ሜምፊስ ውስጥ ደግሞ በባዶ ገንቦ አፍ ላይ እየነፉ ከበሮ የሚያስንቅ ድምፅ የሚያወጡ ነበሩ። የጊታር መግዣ የሌለው ልጅ የቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ምስማር መትቶ፣ አንድ ሽቦ ወጥሮ፣ ከሥሩ ጠርሙስ ሸጉጦ ይጫወት ነበር። የዚህ ሁሉ እናት ደግሞ ምንም መሣሪያ የሌለው ዜማ ነው፤ በጥጥ እርሻ፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ፣ በእስር ቤት መጥረቢያ ሲነሳና ሲወርድ የሚባለው። ሎማክስና አባቱ ከ1933 ጀምረው የደቡብ እስር ቤቶችን እየዞሩ ይህንኑ ቀድተዋል።

«አንድ ሽቦ ነው ያልኸው?» አልሁት።

«አንድ።»

«የእኛም ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው» አልሁት። እዚያው ላይ ነው መሸንቲ ትዝ ያለችኝ።

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ለወጣ ሰው መሸንቲ ሩቅ አይደለችም፤ ወደ መራዊ ሲኬድ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አሁን በባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር ሥር ሆናለች። ያኔ ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ እኔ በነርስነት ዲፕሎማ ይዤ ለሥራ ስመደብባት፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ጥቂት ቤቶች፣ አንድ ገበያ፣ አንድ ክሊኒክና ብዙ ባሕር ዛፍ ነበረች። አራት ዓመት ኖሬባታለሁ። ከወጣሁ በኋላ በመኪና አልፌባት አውቃለሁ እንጂ ወርጄባት አላውቅም።

መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቀን ተነሣን። የዘንድሮን ጉዞ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መነሻ ሰዓቱን የሚወስነው ሾፌሩ ሳይሆን ወሬው ነው። ልጁ ጊታሩን ልያዝ አለ፣ እኔ ከለከልሁት። ሚኒባሱ ከከተማ ሲወጣ አጨዳው አልፎ ማሳው ሁሉ ገለባና ቀይ አፈር ሆኗል። አንዳንድ ቦታ ጫት ተተክሏል፤ ድሮ ዳጉሳ የማውቀው ማሳ ነበር። የመሸንቲ መንገድ ዳር ባጃጅ ሞልቶታል። ክሊኒኬ ከነበረበት አጥር ፊት ለፊት ባለ ፎቅ ተሠርቷል። ለጥቂት ጊዜ የት እንደቆምሁ ጠፋብኝ።

ያደርነው አብሮኝ ይሠራ የነበረ ድሬሰር ቤት ነው። እሱም ጡረታ ወጥቷል፣ ፀጉሩ ነጭቷል፤ እኔን ግን ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚለኝ። ምን ፈልገን እንደመጣን ስነግረው ሳቀ። «ዘፈን ፍለጋ ከባሕር ዳር ወደ መሸንቲ? ሰው እኮ የሚሄደው በተቃራኒው ነው» አለ። እውነቱን ነው። አዝማሪው ሁሉ ባሕር ዳር ገብቷል፤ ማሲንቆው ማይክሮፎን ተደቅኖበት፣ ከአጠገቡ ኪቦርድ ቆሞ ነው የሚሰማው። እንደ ማዲ ዋተርስ ማለት ነው፣ አለኝ ልጄ ቀስ ብሎ።

ቢሆንም አንድ ሰው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በጠላ ቤት በረንዳ ላይ አገኘናቸው፤ ሰማንያ የሚጠጋቸው ባለ ማሲንቆ። እሳቸው ራሳቸውን አዝማሪ አይሉም፤ «እኔ ገበሬ ነኝ፣ ይህ የእጅ አመል ነው» ይላሉ። ይህን አባባል ንቀትን ከመሸሽ የመጣ መሆኑን የእኔ ዕድሜ ሰው ያውቀዋል። ለሠርግ ያለ አዝማሪ የማይሆንለት አገር፣ ልጁን ለአዝማሪ አይድርም ነበር። ልጁ ይህን ሲሰማ፣ እዚያም እንደዚያው እንደነበር ነገረኝ፤ ብዙ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብሉዝን የሰይጣን ዘፈን ይሉት ነበር።

ማሲንቆውን ለልጁ አቀበሉት። ባለ አራት ማዕዘን ገበታ፣ ቆዳ የተወጠረበት፤ ከፈረስ ጭራ የተገመደች አንዲት ክር፤ ደጋን የመሰለ መምቻ፣ እሱም ጭራ ያለው፣ ዕጣን የሚታሸው። ልጁ ጣቱን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ። ጊታር ላይ ጣት እንጨቱ ድረስ ይጫናል፣ ድምፁም በመስመር የተከፋፈለ ነው። እዚህ መስመር የለም፣ ጣቱም እንጨት አይነካም፤ ክሯን ከጎን ነካ ብቻ ነው። የወጣለት ድምፅ በር ሲንሲያጠጥ የሚሰማው ነው። ጠላ ጠጪው ሁሉ ሳቀ፣ ልጁም ሳቀ።

«ክራር ስትቃኝ ክሩን ታጠብቃለህ፣ ታላላለህ» አሉት ሽማግሌው። «የማሲንቆ ቅኝት ግን ጣትህ ውስጥ ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ስትሄድ አትዝለል፣ ተንሸራተት።»

ከዚያ እየተንሸራተቱ አሳዩት። መጀመሪያ ትዝታን ተጫወቱ፣ ቀጥለው አምባሰልን፣ ባቲን፣ በመጨረሻም አንቺ ሆዬን። እነዚህ አራቱ ዋነኛ ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። አምባሰልና ባቲ የወሎ ቦታዎች ስም መሆናቸውን ልጁ አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ግን ወዲያው ቅር ብሏቸው፣ «ይህ የወሎ ነው፤ የጎጃሙን ስማ» ብለው ፈጠን ያለውን፣ ትከሻ የሚነቀንቀውን ያዙ። ቀጥለውም ሽለላ። አንዲት ክር ይህን ሁሉ ስታወጣ ልጁ አፉን ከፍቶ ነበር የሚያየው። የሚሲሲፒ ሰዎች ጊታሩን በቢላዋ ወይም በጠርሙስ አንገት ሲያንሸራትቱት ይህንኑ ድምፅ ነው የሚፈልጉት፣ አለኝ። ሃንዲ የተባለው ሙዚቀኛም እ.ኤ.አ. በ1903 ገደማ ተትዋይለር በምትባል ትንሽ ከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ ያረጀ ልብስ የለበሰ ሰው ጊታሩን በቢላዋ ሲጫወት ሰምቶ ነው ዕድሜ ልኩን ያልረሳው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ማለት ፈሊጥ ሆኗል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ባሰናዳው «ኢትዮፒክስ» የሲዲ ተከታታይ 10ኛው ቁጥር ስሙ ራሱ ይህንኑ ይላል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም በ2015 ዓ.ም በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ሲያርፉ የውጭ ጋዜጦች ፒያኗቸውን ከብሉዝ ጋር ሲያመሳስሉ አንብቤአለሁ። ማመሳሰሉ አይከፋኝም፤ ግን ዘመዳማቾች አይደሉም። ብሉዝን የፈጠሩት ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ልጆች ናቸው፤ ማሲንቆና ትዝታ እዚሁ ያደጉ ናቸው። የእኛንም በሸክላ ለማስቀዳት ቀዳሚ የሆኑት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሲዘፍኑ ጊዜው 1900 ዓ.ም ገደማ ነበር፤ ማሚ ስሚዝ ገና አልተቀዳችም። የሚያመሳስላቸው ሌላ ነው። ሁለቱም ከመድረክ በፊት ሥራ ነበራቸው።

ይህን ያልሁት እናቴን እያሰብሁ ነው። እናቴ ዘፋኝ አልነበረችም፤ ሠርግ ላይ እንኳ ድምፅዋን አሰምታ አታውቅም። ግን ዶሮ ሲጮህ ተነሥታ ወፍጮው ላይ ስትንበረከክ ታንጎራጉር ነበር። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ አንድ ሐረግ፣ ወደ ኋላ ሲመለስ አንድ ሐረግ። ቀን ለአማቷ የማትናገረውን፣ ለአባቴ የማትናገረውን ሁሉ ለድንጋዩ ትነግረው ነበር። እኛ ልጆች መደብ ላይ ተኝተን እንሰማለን። ቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ነገር ግን ወፍጮ ላይ የተባለውን ቀን ማንም አያነሳባትም። ሕጉ ያ ነበር። አሁን ሳስበው ለስንት ሴት ጤና የሆነ ሕግ ነው።

የሞተር ወፍጮ መጣና ያ ዜማ ቆመ። ይህን ስል ወፍጮው ይመለስ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። የመሸንቲ ሴቶች በጉልበትና በወገብ ሕመም ወደ ክሊኒኬ ሲመጡ ያየሁ ሰው ነኝ፤ ነፍሰ ጡር ሆና የምትፈጭ ስንቷን አይቻለሁ። የእስር ቤቱን የመጥረቢያ ዘፈን ቆንጆ ነው ብሎ እስር ቤቱን የሚመኝ የለም። ግን ድንጋዩ ሲወጣ ዜማውን ከቤት አብሮ ይዞት ወጣ፤ በምትኩ ሌላ የምትናገርበት ቦታ ማንም አላዘጋጀላትም።

ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። የመጀመሪያ ደመወዜን አጠራቅሜ ቴፕ ገዝቼ ነበር። አንድ ጊዜ እናቴ በቆሎ ስትፈጭ ቴፑን ከበር ጀርባ አድርጌ ቀዳኋት፤ ግማሽ ካሴት ሞላ። ከዓመት በኋላ ባዶ ካሴት ስላጣሁ በዚያው ላይ የዘመኑን ባንድ ዘፈን ገለበጥሁበት። ሳክስፎን አለው፣ ኤሌክትሪክ ጊታር አለው። ካሴቱ ዛሬም ቤቴ አለ። ለልጁ ሳሳየው፣ «ጊታሪስቱ ጎበዝ ነው» አለኝ፤ ምን አጥፍቶ እንደተቀዳ ሳያውቅ።

መሸንቲ የሄድሁት ግን ለእናቴ እንጉርጉሮ አልነበረም። ለአንዲት ላሊበላ ነበር።

ላሊበሎችን ወጣት አንባቢ ላያውቃቸው ይችላል። በአንዳንድ ቦታ ሀሚና ይባላሉ። ከአዝማሪ የተለዩ ናቸው፤ ማሲንቆም ክራርም አይዙም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ይዞራሉ፤ ከንጋት በፊት ደጅ ላይ ቆመው የቤቱን ጌታና እመቤት በስም እየጠሩ ያወድሳሉ። የሚሰጣቸውን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳሉ። ካሪያ ለብሶ የተኛ ሰው ስሙ ከደጅ ሲጠራ ሰምቶ ዝም ብሎ መተኛት አይችልም። ጃፓናዊው ተመራማሪ ኢጹሺ ካዋሴ ጎንደር ላይ ስለ እነሱ ፊልም ሠርቷል። ሕዝቡ ስለ እነሱ የሚያወራው አንድ ነገር አለ፤ መዝፈን ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል ይባላል፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ግዴታ ነው ይባላል።

እኔ መሸንቲ ስመደብ ከሥራዎቼ አንዱ ይህ በሽታ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ሪፋምፒሲን፣ ክሎፋዚሚንና ዳፕሶን የተባሉት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ካሳሰበ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት ዳፕሶንን ብቻውን ለዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ይወስድ ነበር። አሁን የሚያልቅ ሕክምና መጣ ተብሎ ደስታችን ልክ አልነበረውም። በገበያ ቀን ዛፍ ሥር ቆሜ አስተምራለሁ፦ በሽታው እርግማን አይደለም፣ በዘር አይወርድም፣ የሚያመጣው ተህዋስ ከመቶ ዓመት በፊት ኖርዌይ ውስጥ ሐንሰን በተባለ ሐኪም ተገኝቷል፣ አብዛኛው ሰው ተፈጥሮው ይከላከለዋል፣ መድኃኒቱን የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ ሁሉ ያኔም እውነት ነበር፣ ዛሬም እውነት ነው።

አንድ ቀን ግን ሕዝቡ ሲስቅልኝ ጊዜ ጨመርሁበት። «ላሊበላ ስለዘፈነ አይድንም፣ ስላልዘፈነም አይታመምም! እንጀራ መለመኛ ዘዴ ነው!» አልሁ። ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷ ከኋላ ቆማ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ልጅ አዝላለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ሌሊት ድምፅዋ ሲያልፍ የሚከፈት በር ሲያንስ ሰማሁ። ሰው የሚሰጠው ለካ በረከት ፈልጎ ብቻ አልነበረም፤ ፈርቶም ነበር። ፍርሃቱን እኔ ነቀልሁለት።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒክ መጣች። ክንዷ ላይ ፈዘዝ ያለ ነጣ ያለ ቆዳ አለ። ዓይኗን አስጨፍኜ በጥጥ ጫፍ ነካሁት። «የት ነካሁሽ?» ስላት አላወቀችም። ክርኗ ላይ ያለው ጅማት አብጦ እንደ ገመድ ይዳሰሳል። እጄ ቀዘቀዘ። ያን ሁሉ ዓመት ዘፍና ነበር፤ ዘፈኑ አላዳናትም። እኔ ትክክል ነበርሁ። ትክክል መሆኔ ግን ያን ቀን ምንም አላስደሰተኝም።

«ሲስተር» አለችኝ ልብሷን እየሰበሰበች፣ «እኔ የምዘፍነው በሽታ ፈርቼ አይደለም፤ እንዲያ የሚለው ሰው ነው። እናቴ ስለዘፈነች ነው የምዘፍነው። መድኃኒትሽን አምጪው።»

ሁለት ዓመት ወሰደች። በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ፊቴ ትውጣለች። በመጀመሪያው ወር ሽንቷ ሲቀላ ደነገጠች፤ የመድኃኒቱ ነው አልኋት። ክሎፋዚሚኑ ፊቷን ሲያጠቁረው፣ «በስም የማወድሰው ሰው አላወቀኝም» ብላ ሳቀች። አንድም ወር አላጓደለችም። ሁልጊዜ የምትመጣው ጠዋት ነው፣ ሌሊቱን ዘፍና፣ ድምፅዋ ሰልሎ። እኔ በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተነሥቼ ደጅ ወጥቼ አልሰማኋትም። ሳንቲም በሠራተኛዬ እልክላታለሁ፤ ተገላብጬ እተኛለሁ። ሌሊት ተረኛ ነበርሁ፣ ደክሞኝ ነበር። ምክንያት አላጣሁም።

ድሬሰሩን ስለ እሷ ስጠይቀው ልጅቷን አውቃታለሁ አለ፤ ያኔ የታዘለችውን። መንገድ ዳር ቡና ትሸጣለች። ማታ ሄድን። አርባ ሊሆናት የተቃረበ፣ ወዟ የእናቷ የሆነ ሴት። ማን እንደሆንሁ ስነግራት ጀበናውን አስቀመጠች። እናቷ ካረፈች አምስት ዓመት ሆኗታል። «በእግሯ እየሄደች፣ በአሥር ጣቷ እየበላች ነው የሞተችው» አለችኝ። የሥጋ ደዌ ነርስ ለነበረች ሰው ከዚህ የሚበልጥ ወሬ የለም። ቡናው ትንታ ሆነብኝ።

«አንቺስ ትዘፍኛለሽ?» አላት ልጄ።

«ትቻለሁ። ይኸው ምንም አልሆንሁም» ብላ እጆቿን ዘርግታ አሳየችው፤ ሁለቱም ሳቁ። ትንሽ ብታሰማን ብለን ብንለምናት እምቢ አለች። ማታ አይሆንም፣ ሰው እያየኝ አይሆንም፣ ደጅ ሳይኖር አይሆንም፤ «ለማን ብዬ?» አለች። አልተጫንናትም። ቡናችንን እስክንጨርስ ልጁን ስታጫውተው ቆየች፦ ስምህ ማን ነው? ምን ትማራለህ? ስንተኛ ልጅ ነህ? የእናትህ ስምስ? ልጁ ሁሉንም መለሰ። ተራ የቡና ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ሌሊት በግምት አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። ውሻ እንኳ አይጮህም። ከአጥሩ ውጭ አንድ ድምፅ ዝቅ ብሎ ተነሣ፣ ቀስ እያለ ወጣ፣ ከላይ ተሰብሮ ተንሸራትቶ ወረደ። ቃሉ መጀመሪያ አልተለየኝም። ቀጥሎ የልጄ ስም ተጠራ። የእናቱ ስም። ትምህርቱ፣ የበኩር ልጅነቱ፣ ከአዲስ አበባ አያቱን ብሎ መምጣቱ፤ ያወራላት ሁሉ ተስካክቶ፣ ቤት እየመታ፣ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ከጩኸት ወደ ሹክሹክታ። ከዚያ «ሲስተር» አለች። ሁለት ዓመት የተዋጠውን ኪኒን አነሣች። የእናቷን አሥር ጣቶች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ የሠራውን እየጠራች ቆጠረች፤ የቱ እንደቀለበ፣ የቱ እንዳዘለ፣ የቱ እንደፈተለ። ሰባተኛው ላይ መቁጠር አቃተኝ።

የልጁን አልጋ ብዳስስ ባዶ ነው። በባዶ እግሩ ደጅ ወጥቶ ኖሯል። በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ተከትዬው ወጣሁ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። ያለንን ሰጠናት። ተቀበለች፣ መረቀች፣ ፊቷን ሳትገልጥ ዞራ በባሕር ዛፉ ሥር ባለው መንገድ ሄደች። ስልኩን ለመቅዳት አውጥቶ እንደሁ ልጁን ጠየቅሁት። አልጋው ላይ ረስቶታል።

ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ከመነሣታችን በፊት እሷው ዘንድ ቡና ጠጣን። ስለ ሌሊቱ አንድ ቃል አላነሣችም፣ እኛም አላነሣንም። የሁለት ሁለት ስኒ ሒሳብ ቆጥራ ተቀበለችን።